የሎው ማጂክ ኦርኬስትራን እየፈታሁ ስገጥም፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስንነጋገር እያንዳንዳችን አንድ ባንድ መርጠን፣ ሥራውን ከሥር መሠረቱ እየፈታን፣ በእጃችን ባለው ኮምፒውተርና ኪቦርድ መልሰን ለመገጣጠም ተስማምተን ነበር። እኔ የመረጥኩት የሎው ማጂክ ኦርኬስትራ የተባለውን የጃፓን ባንድ ነው። በ1978 ቶኪዮ ውስጥ ተመሥርቶ በ1983 መጨረሻ የተበተነ የሦስት ሰዎች ስብስብ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው)። ዕድሜው አጭር ቢሆንም ሲንተሳይዘርንና (ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥረውን መሣሪያ) ኮምፒውተርን ከስቱዲዮ ሊቃውንት እጅ አውጥቶ ተራው ሰው የሚዘፍነው፣ ልጆች የሚጨፍሩበት ሙዚቃ አድርጎታል። ሥራዬ ገና አላለቀም። ነገር ግን እስካሁን ያገኘሁትን ይዤ ዝም ማለት ስላልሆነልኝ ላካፍላችሁ።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ስለዚህ ባንድ የሚያወሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ማሽኑን ነው። ቅንብሩን ንብርብር በንብርብር እየገለጥኩ ስሰማው ግን ማሽኑ የሚይዘው ግማሹን ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ሌላው ግማሽ በእጁ ከበሮ የሚመታ ሰው ነው። ያ ሰው የማሽኑን ቆጠራ በጆሮው እየሰማ ይመታል፤ ከቆጠራው ጋር ይስማማል እንጂ አይሟሟበትም። እንድንጨፍር የሚያደርገን በሁለቱ መካከል ያለችው ቀጭን ርቀት ናት። እኔ የምማረው ያችን ርቀት ነው።

ሦስቱ ሰዎች ሲገናኙ ጀማሪዎች አልነበሩም። ሃሩኦሚ ሆሶኖ ቤዝ ተጫዋችና አቀናባሪ ነው። ከዚያ በፊት ሃፒ ኤንድ በሚባል ባንድ ውስጥ ሮክን በጃፓንኛ ግጥም በማሳመር ስሙ ተጠርቷል። ዩኪሂሮ ታካሃሺ ከበሮ መቺና ድምፃዊ ነው። ሳዲስቲክ ሚካ ባንድ ከተባለው ቡድን ጋር በ1975 እንግሊዝ ድረስ ሄዶ፣ ሮክሲ ሚዩዚክ ለተባለው የእንግሊዝ ባንድ መክፈቻ ሆኖ መድረክ ላይ ወጥቷል። ሪዩይቺ ሳካሞቶ ደግሞ በቶኪዮ የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ቅንብር የተማረ ነው፤ ጓደኞቹም “ፕሮፌሰር” ይሉት ነበር። በየካቲት 1978 ሆሶኖ ሁለቱን ቤቱ ጠርቶ የሩዝ ድብልብል እያበላ ማስታወሻ ደብተሩን አሳያቸው። በደብተሩ ላይ የሰፈረው ዕቅድ የአሜሪካዊውን የማርቲን ዴኒን “ፋየርክራከር” በኤሌክትሮኒክስ ዲስኮ ማቀናበርና በዓለም ዙሪያ 4 ሚሊዮን ቅጂ መሸጥ የሚል ነበር። ዕቅዱ እንዲህ በድፍረትና በአጭሩ መጻፉ እጅግ ደስ ይለኛል።

ስለ አራተኛው ሰው ካልተናገርኩ የባንዱ ድምፅ ከየት እንደ መጣ አይገባችሁም። ሂዴኪ ማትሱታኬ ይባላል። ሲንተሳይዘርን የተማረው የጃፓኑ የኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃ ጌታ የኢሳኦ ቶሚታ ረዳት ሆኖ ነው። በየሎው ማጂክ ኦርኬስትራ መድረኮች ላይ ከኋላ፣ ቁም ሳጥን የሚያክል ሙግ ሲንተሳይዘር አጠገብ ቆሞ የሚታየው እሱ ነው። ሥራው ማሽኑን ማዘጋጀት ነበር፤ ማሽኑም ሮላንድ የተባለው የጃፓን የሙዚቃ መሣሪያ ኩባንያ በ1977 ያወጣው ኤም.ሲ-8 ነው። በዛሬ ቋንቋችን ሲኩዌንሰር እንለዋለን፤ ድምፆችን በቅደም ተከተል መዝግቦ ሲንተሳይዘሩን የሚያዝ ኮምፒውተር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ የተማርኩት ከዚህ ነው። በኤም.ሲ-8 ዜማ የሚገባው በኪቦርድ ቁልፎች ሳይሆን እንደ ስልክ ቁጥር በሚነካ የቁጥር ሰሌዳ ነው። ለእያንዳንዱ ድምፅ ሦስት ቁጥር ይሰጣል። አንደኛው የድምፁን ከፍታ ይወስናል። ሁለተኛው እስከሚቀጥለው ድምፅ ድረስ ያለውን ጊዜ ይወስናል። ሦስተኛው ድምፁ ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ ይወስናል። የተጻፈው ሁሉ በካሴት ላይ ይቀመጣል፤ ሲያስፈልግም ከካሴቱ ተመልሶ ይነበባል። አንድ የቤዝ መስመር ለማስገባት የሚጠይቀውን ትዕግሥት አስቡት።

እኔም ይህንኑ ለመለማመድ በምጠቀምበት የሙዚቃ ፕሮግራም ውስጥ የሚታየውን የቁልፍ ሥዕል ዘጋሁና በቁጥር ዝርዝሩ ብቻ መሥራት ጀመርኩ። አንዱን ምት በ24 ከፈልኩት። በአንድ ምት ውስጥ ሁለት እኩል የቤዝ ድምፆች ለማስገባት እያንዳንዱ የ12 ርቀት ይሰጠዋል። ይህ ቀላል ነው። ዓይኔን የከፈተው ሦስተኛው ቁጥር ነው። ድምፁ ከ12ቱ 11ዱን ተከፍቶ ሲቆይ ቤዙ ይጎተታል፣ አንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ይፈሳል። ወደ 6 ስቀንሰው ያው ዜማ በእግሩ ጣት ቆሞ መዝለል ይጀምራል። ወደ 4 ሳወርደው ደግሞ ይደርቃል፣ ጠጠር ይሆናል። ከፍታውን አልነካሁም፤ ፍጥነቱንም አልነካሁም። “ራይዲን” በተባለው ታዋቂ ሥራቸው ውስጥ ያለው ቤዝ ለምን ያን ያህል ቀልጣፋ እንደሚመስለኝ የገባኝ ያኔ ነው። ስለ ሲንተሳይዘር ስንማር ስለ ድምፁ ቀለም ብዙ እናወራለን፤ ድምፁ መቼ እንደሚዘጋ ግን እምብዛም አናነሣም። በእኔ አስተያየት የዚህ ባንድ ትልቁ ጥበብ ዝምታን በቁጥር ማስቀመጡ ነው።

ቀጥሎ ያጠናሁት “አብሶሉት ኢጎ ዳንስ” የተባለውን የሆሶኖን ሥራ ነው። በጃፓን ደቡብ ጫፍ ያለችው የኦኪናዋ ባህላዊ ጭፈራ በውስጡ አለ፤ ሳንዲ የተባለችው ድምፃዊት ጨፋሪዎቹ የሚያሰሙትን ዓይነት ጩኸት ጣል ታደርግበታለች። የሳበኝ ግን ምቱ ነው። ቀጥ ብሎ የሚሄድ አይደለም፤ እንደ ጃዝ የሚንገዳገድም አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ነው። በ24ቱ ክፍል ላይ ስታስቀምጡት ነገሩ በግልጽ ይታያል። የምቱ ሁለት ግማሾች እኩል የሆኑበት ቀጥታው ምት 12 ለ12 ነው። ሦስትዮሽ መሠረት ያለው የሚወዛወዝ ምት 16 ለ8 ነው። በመካከላቸው 13 ለ11፣ 14 ለ10፣ 15 ለ9 አሉ። እነዚህን አንድ በአንድ እየቀያየርኩ አጨብጭቤባቸዋለሁ። 13 ለ11 ሲሆን ጆሮ ልዩነቱን አይናገርም፤ ትከሻ ግን ያውቀዋል። 14 ለ10 ላይ ዳሌ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ከዚያ ሲያልፍ ምቱ ወደ ሌላ ሙዚቃ ይሄዳል። የእኛ ጆሮ በችክችካ ያደገ ስለሆነ ምትን ለሦስት መክፈል ለእኛ ቤታችን ነው፤ ስለዚህ ይህን ልምምድ ከማንም ፈጥነን የምንይዘው ይመስለኛል። በፕሮግራማችሁ ላይ “ስዊንግ” የሚለውን መቆጣጠሪያ ፈልጉ። 13 ለ11 ማለት 54 በመቶ ገደማ ነው፤ 14 ለ10 ደግሞ 58 በመቶ ገደማ።

በዚህ ላይ ነው የታካሃሺ ከበሮ የሚመጣው። በመድረክ ላይ ባንዱን ስታዩ ሁሉም የጆሮ ማዳመጫ አድርገው ታገኟቸዋላችሁ። ለመታየት ያደረጉት አይደለም፤ ከማሽኑ የሚመጣውን ቆጠራ ይሰሙበታል። ማሽኑ ሰውን አይጠብቅም፤ ሰው ነው ማሽኑን መጠበቅ ያለበት። ታካሃሺ ቆጠራውን እየሰማ በእጁ ይመታል፣ ምቱም ንጹሕና ቁጥብ ነው፤ ጌጥ አያበዛም። በሥራዬ መጀመሪያ ላይ ከበሮውንም በኮምፒውተር አስገብቼ ነበር የማዳምጠው። በኋላ ግን ጣቶቼን በኪቦርዱ ላይ አድርጌ፣ ቤዙን ለማሽኑ ትቼ፣ ዋናውን ከበሮና ስኔሩን (ሹል ድምፅ ያለውን ትንሹን ከበሮ) በእጄ እየመታሁ ቀረጽኩት፤ ፕሮግራሙ እንዲያስተካክልልኝም አልፈቀድኩም። ሁለቱን ጎን ለጎን ስሰማቸው በእጅ የተመታው በቁጥሩ ያልተስተካከለ ሆኖ ሳለ የበለጠ የተቀመጠ፣ የበለጠ የረጋ ሆኖ ተሰማኝ። ስኔሩ ከቆጠራው ኋላ በጥቂቱ ሲዘገይ ሙዚቃው ይሰፋል። ለማንኛችሁም አስቀድማችሁ ሞክሩት የምለው ልምምድ ይህ ነው።

ስለ ቅኝት ደግሞ የግድ መናገር አለብኝ፤ ከእኛ ዘንድ የሚመጣ ማንኛውም ሰው የጃፓንን ሙዚቃ ሲሰማ መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነውና። ሂራጆሺ የሚባለው የኮቶ (የጃፓን ባህላዊ የክር መሣሪያ) ቅኝት በድምፅ ርቀቱ ከእኛ ትዝታ ማይነር ጋር አንድ ነው፦ ዶ፣ ሬ፣ ዝቅ ያለ ሚ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ። ሚያኮቡሺ የሚሉት ደግሞ ከአምባሰል ጋር ይገጥማል፦ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ። በኪቦርዳችሁ ተጫወቱትና ስሙት፤ ልብ ይነካል። ይሁን እንጂ የባንዱ የመጀመሪያ አልበም የተሠራው አያቶቻቸው ያወረሷቸውን ቅኝት ለማሳየት አይደለም። ማርቲን ዴኒ በምናቡ የሣላት እስያ ነበረች፤ የሆቴል መዝናኛ ውስጥ የምትሰማ፣ ወፍ የሚንጫጫባት እስያ። ሆሶኖ ያችን በሩቅ የተሣለች እስያ ወስዶ እስያዊ በሆነ እጅና በኮምፒውተር መልሶ ሠራት። ሳካሞቶ “ቶንግ ፑ”ን ሲጽፍ በጆሮው የነበረው የቻይና ኦርኬስትራ ነው፤ የዚህና የሌሎች ሁለት ዜማዎች ርእስ ደግሞ ከፈረንሳዊው የፊልም ሠሪ ከጎዳር ሥራዎች የተወሰደ ነው። ጃፓን፣ ቻይና፣ ሃዋይ፣ ፓሪስ፣ ዲስኮ ሁሉም በአንድ ሸክላ ላይ። እኔ ይህን የምወደው ሦስቱ ሰዎች የሌላው ዓለም ስለ እነሱ የያዘውን ሥዕል አይተው፣ ሳይቆጡበትም ሳያጎበድዱለትም፣ መጫወቻ ስላደረጉት ነው።

ያው አልበም የሚከፈተው በዜማ አይደለም፤ በቪዲዮ ጨዋታ ቤት ጩኸት ነው። በ1978 ጃፓን ውስጥ ስፔስ ኢንቬደርስ የተባለው ጨዋታ እንደ ወረርሽኝ ተዛምቶ ነበር፤ እነሱም የጨዋታ ማሽኖቹን ጩኸት በሲንተሳይዘር አስመስለው ሙዚቃ ውስጥ አስገቡት። የጨዋታ ሙዚቃ የሚሠሩ ጓደኞቻችን ይህን ክፍል ተለይተው ያዳምጡት።

ሁለተኛው የስቱዲዮ አልበም ሶሊድ ስቴት ሰርቫይቨር በመስከረም 1979 ወጣ፤ በጃፓን ቁጥር አንድ ሆነ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። መክፈቻው “ቴክኖፖሊስ” ነው። ሳካሞቶ ሲያቀናብረው ፒንክ ሌዲ የተባሉትን የወቅቱን ተወዳጅ ዘፋኞች ሥራ ቁጭ ብሎ አጥንቷል፤ ያ ሁሉ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ኖሮት ሕዝብ የሚወደውን ለመማር አለመናቁ ለእኔ ትልቅ ትምህርት ሆኖኛል። በቮኮደር (የሰውን ድምፅ እንደ ማሽን በሚያሰማ መሣሪያ) የሚሰማው “ቶኪዮ” የሚለው ጥሪም የአልበሙ መለያ ሆነ። “ራይዲን” ደግሞ የታካሃሺ ነው፤ ዜማውን በአፉ ሲያንጎራጉር ሳካሞቶ በኖታ እንደ ጻፈለት ይነገራል። በመካከሉ የፈረስ ግልቢያ አለ። እንዴት እንደምትሠሩት ልንገራችሁ፤ ከሁሉ የተደሰትኩበት እሱ ነው። በሲንተሳይዘራችሁ ላይ ዜማ የሌለውን ጫጫታ፣ ማለትም ራዲዮ ጣቢያ ሲጠፋበት የሚያሰማውን ዓይነት ሹሽታ ምረጡ። ቀጭኑን ድምፅ በፊልተር (የድምፁን ከፊል በሚያጣራው መቆጣጠሪያ) ቁረጡና ወፍራሙን አስቀሩ። ድምፁ ወዲያው ተነሥቶ ወዲያው እንዲወድቅ አድርጉ። ከዚያ ሁለት አጭር አንድ ረጅም እያደረጋችሁ ደጋግሙት። የመጨረሻውን ምት ከቀሩት ጥቂት ከፍ ስታደርጉት ኮቴው መሬት ይረግጣል። ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያላችሁ ስትወስዱት ፈረሱ በፊታችሁ ያልፋል።

ለጆሮ ልምምድ የሚሆን አንድ ውድ ነገር ደግሞ አለ። በ1979 ባንዱ ወደ አውሮፓና አሜሪካ ሲዘዋወር ጊታር የሚጫወትላቸው ካዙሚ ዋታናቤ ነበር። በ1980 ፐብሊክ ፕሬሸር የተባለው የመድረክ አልበም ሲወጣ ግን ዋታናቤ ከሌላ የሸክላ ኩባንያ ጋር ውል ስለነበረው ጊታሩ ከቅጂው ላይ ተነሣ፤ ክፍተቱንም ሳካሞቶ በሲንተሳይዘር ሞላው። ጊታሩ ያለበት ቅጂ በ1991 ፌከር ሆሊክ በሚል ርእስ ወጣ። ሁለቱን አቀራርባችሁ ስሙ። ዋታናቤ ባለበት ሙዚቃው የጃዝ ሮክ ባንድ ይሆናል፤ ይነዳል፣ ይቀጣጠላል። በሌለበት ደግሞ ቀዝቃዛና የጠራ ነው፤ ሕዝቡም ባንዱን በዚያ መልኩ ነው ያወቀው። እኔ በግሌ ጊታር ያለበትን አበልጣለሁ፤ የማይስማማ ካለ ምክንያቱን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።

የዝናውን ታሪክ በአጭሩ ልለፈው። “ፋየርክራከር” “ኮምፒውተር ጌም” በሚል ርእስ ወጥቶ በ1980 በእንግሊዝ የነጠላ ዜማዎች ሰንጠረዥ 17ኛ ደረጃ ደረሰ። በዚያው ዓመት የጥቁር አሜሪካውያን የዳንስ መድረክ በሆነው ሶል ትሬይን ላይ ቀረቡ። “ቢሃይንድ ዘ ማስክ” የሚለውን፣ መጀመሪያ ለሰዓት ማስታወቂያ የተሠራውን የሳካሞቶን ዜማ ማይክል ጃክሰንና ኤሪክ ክላፕተን ተቀብለው ዘፍነውታል፤ የጃክሰን ቅጂ የወጣው ግን እሱ ካረፈ በኋላ በ2010 ነው።

እኔን አሁን የያዘኝ ከዝናው በኋላ የመጣው ነው። ሰው ሁሉ ሌላ “ራይዲን” ሲጠብቅ እነሱ በ1981 ሁለት አልበም አወጡ፤ ሁለቱም ጨለማ፣ ሁለቱም አስቸጋሪ። በመጋቢት የወጣው ቢ.ጂ.ኤም ይባላል። ሮላንድ በ1980 ለገበያ ያቀረበውን ቲ.አር-808 የተባለውን ከበሮ ማሽን ከሁሉ ቀድመው በአልበም ላይ ካሰሙት መካከል ናቸው፤ ይህ ማሽን በኋላ የሂፕ ሆፕ ምሰሶ ሆነ። “ኪው” የሚለውን ሥራ በመድረክ ሲጫወቱ ሳካሞቶ ከኪቦርዱ ተነሥቶ ከበሮ ይመታ ነበር። “ሉም” በሚለው ውስጥ የማትሱታኬ የሲንተሳይዘር ድምፅ ያለ ማቋረጥ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይወጣል፤ መጨረሻው ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። በኅዳር የወጣው ቴክኖዴሊክ ደግሞ ከዚህም ርቆ ሄደ። ኬንጂ ሙራታ የተባለ መሐንዲስ ኤል.ኤም.ዲ-649 የሚባል ሳምፕለር (ድምፅ ቀድቶ መልሶ የሚያጫውት መሣሪያ) በእጁ ሠርቶላቸው ነበር። በጣም አጭር ድምፅ ብቻ ይይዛል፤ እነሱም በዚያች አጭር ድምፅ የሰው ጩኸትንና የፋብሪካ ጫጫታን ቆራርጠው ምት አደረጉት። ዛሬ ማንኛችንም በስልካችን የምንሠራውን ነገር በዚያን ጊዜ ለመሥራት መሣሪያው ራሱ መፈልሰፍ ነበረበት። ሶሊድ ስቴት ሰርቫይቨርን ሁሉም ይወደዋል፤ ለሚማር ሰው ግን ከሁሉ የበለጠው ቴክኖዴሊክ ነው ብዬ አምናለሁ። በውስጡ ያለው ሁሉ ጥያቄ ያስነሣል።

በ1983 ተመልሰው ፀሐያማ ሆኑ። “ኪሚ ኒ ሙኔ ክዩን” የተባለው ዘፈናቸው የመዋቢያ ምርት ማስታወቂያ ሆኖ በጃፓን ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ። በዓመቱ መጨረሻ ቶኪዮ ውስጥ በቡዶካን አዳራሽ ተሰናበቱ። በዚያው ዓመት ሳካሞቶ በጃፓናዊው ዳይሬክተር በኦሺማ ፊልም ውስጥ ከእንግሊዛዊው ዘፋኝ ከዴቪድ ቦዊ ጋር ተውኖ ሙዚቃውንም ጻፈ፤ በኋላም “ዘ ላስት ኤምፐረር” በተባለው ፊልም ሙዚቃ ኦስካር ተካፈለ። በ1993 ተሰባስበው ቴክኖዶን የሚል አልበም አወጡ፤ ከ2007 ጀምሮም አልፎ አልፎ አብረው ተጫውተዋል። ታካሃሺ በጥር 2023 ዐረፈ፤ ሳካሞቶ በመጋቢት ወር ተከተለው። የታካሃሺን ከበሮ በጣቴ ለመከተል ስሞክር የቆየሁ ሰው ነኝና ኀዘኑ ለእኔ የሩቅ ሰው ኀዘን አይደለም።

አሁን ያለሁበት ይህ ነው። የ“ራይዲን” ቤዝና ከበሮ ተጠናቋል፤ ግልቢያው አለ፤ ዋናው ዜማ የሚሰማበት ድምፅ ግን ገና ስለታም ነው፣ ፊልተሩን በደንብ አላገኘሁትም። ቀጥሎ የማደርገው ቴክኖዴሊክን ተከትዬ በአጫጭር ቅጂዎች ብቻ አንድ ሙሉ ምት መገንባት ነው፤ አንዱም ቅጂ ከአንድ ሰከንድ አይበልጥም። ሙቀጫ፣ የሚኒባስ ረዳት ጥሪ፣ የብረት በር፣ የልብስ ስፌት መኪና ለመቅዳት አስቤአለሁ። ከእናንተ መካከል ጥሩ ማይክሮፎን ያለው ካለ ድምፅ ቀድቶ ይላክልኝ። እንዲሁም በእጅ የመታሁትን ከበሮ የያዘውን ፋይል ለሚፈልግ ሁሉ እልካለሁ፤ ቤዙን በ6 እና በ11 የመዝጊያ ቁጥር ለየብቻ ስላስቀመጥኩት እያፈራረቃችሁ መስማት ትችላላችሁ። በኪቦርድ ላይ ከእኔ የበለጠ እጅ ያለው ሰው የ“ቶንግ ፑ”ን የመካከለኛ ክፍል ኮርዶች ቢጽፍልኝ ደግሞ በጣም አመሰግናለሁ።